ሆዳቸውን በአደራ የሰጡት ሰውዬ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሰፈሩና በየቤተሰቡ ሰውነቱን በአደራ ያስቀመጠ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ዘንድ የለም የምትሉ ካላችሁ ቀስ ብላችሁ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ፤ ምናልባት እናንተው ትሆናላችሁ። ይህ ሰው ጤና አይጠላም፣ ዕድሜም አይጠግብም። ችግሩ ዘብ መቆም አለመውደዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሆዱን ለሚስቱ፣ እግሩን ለጓደኛው፣ ምላሱን ለባልደረባው ያስረክብና እሱ እጁን እያወዛወዘ ይሄዳል። ያገኘውን በልቶ የታመመ ቀን ደግሞ ጠባቂዎቹን ሰብስቦ ይገሥጻል።

ለእኛ ማተሚያ ቤት የደረሰው እንዲህ ያለ ሰው የመጻሕፍት ጥረዛ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የሚጠራ ከጠፋ ቆይቷል፤ ከአለቃ እስከ ዘበኛ ሁሉም «ጋሽ አደራ» ይላቸዋል። እኔ እዚያው ቤት አራሚ ነኝ። የሰው ስህተት እየለቀምኩ ደሞዝ የምበላ ሰው ስለሆንኩ የእሳቸውን ነገር ሳልጽፍ ብሞት ሙያዬ ይታዘበኛል።

ጋሽ አደራ ሰፋ ያሉ፣ ፊታቸው የማይጨልም ሰው ናቸው። ሲስቁ ሆዳቸው ቀድሞ ይስቃል፤ እሳቸው ኋላ ይደርሱበታል። ፈሪም አይደሉም። ያ ወረቀት የሚቆርጠው ማሽን ስለቱ ሲወርድ እኔ ከሩቅ ሆኜ ጣቶቼን ኪሴ ውስጥ እደብቃለሁ፤ እሳቸው ግን እያፏጩ ይሠሩበታል። በዚህ ዓለም ላይ የሚፈሩት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ መርፌ። አንድ ጊዜ ክትባት የሚሰጡ ሰዎች ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጥተው ነበር። ጋሽ አደራ የውሃ ሽታ ሆኑ። ሕንፃው ሁሉ ተፈልጎ ተፈልጎ በመጨረሻ ወረቀት መጋዘኑ ውስጥ ከክምሩ ጀርባ ተጣጥፈው ተገኙ። «ምን እየሠሩ ነው?» ሲባሉ «ቆጠራ ላይ ነኝ፤ አታቋርጡኝ» አሉ።

እንግዲህ እኚህን ሰው ሐኪማቸው አንድ ቀን አስቀምጣ እንዲህ ትላቸዋለች። «አባባ፣ ደምዎ ውስጥ ያለው ስኳር እየወጣ ነው፤ ግፊቱም እየተከተለው ነው። ስኳር ይተዉ፣ ጨው ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ። እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ካልወረደ በየቀኑ መርፌ እንጀምራለን።» ከዚህ ሁሉ ምክር ጋሽ አደራ የሰሙት ያችኑ የፈረደባትን አንዲት ቃል ነው።

በማግስቱ በሻይ ሰዓት ሰበሰቡን። ወንበር ላይ ሊወጡ አስበው ወንበሩን ዓይተው ተዉት።

«ወገኖቼ» አሉ ደረታቸውን እየደቁ፣ «እኔ ይሄን ሰውዬ አላምነውም። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬው ኖሬያለሁ፣ ሥራውን አውቃለሁ። ለእኔ ከተተወ መርፌ ላይ ይጥለኛል። ስለዚህ ለእናንተ በአደራ ሰጥቼዋለሁ!»

ሹመቱም እዚያው ተነበበ። ስኳሩ ለጸሐፊዋ፣ ደረጃው ለዘበኛው፣ የጠዋት እርምጃው ቤቴ ለቤታቸው ቅርብ ነውና ለእኔ። ጨውን ቤት ውስጥ ለባለቤታቸው አስቀድመው አስረክበዋል። አጨበጨብን። ለምን እንዳጨበጨብን አሁን ሳስበው ግራ ይገባኛል።

ጸሐፊያችን ቁም ነገረኛ ልጅ ናት፤ አደራ ከተባለች አደራ ነው። የስኳሩን ቆርቆሮ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። የመጀመሪያው ቀን ጋሽ አደራ መጥተው ለመኑ፣ አልሰጥም አለች። «የተባረክሽ! የአባትሽ ልጅ!» ብለው ግንባሯን ስመዋት ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ለእንግዳ ነው ብለው መጡ።

«እንግዳው የታለ ጋሼ?»

«መንገድ ላይ ነው። ሲደርስ እንዳያፍር ብዬ ነው እንጂ።»

አልሰጠችም። በሦስተኛው ቀን አለቃ ይፈልግሻል ብለው ላኳት። አለቃ አልፈለጋትም። ስትመለስ ጋሽ አደራ ወንበሯ ላይ ተደላድለው ሻይ ይጠጣሉ፤ ማንኪያው ሻዩ ውስጥ ያለ ደጋፊ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች። ጋሽ አደራ ግን ከእሷ ቀድመው ተቆጥተው ነበር።

«ስሚ እንጂ ልጄ፣ ቁልፍ የአበባ ማስቀመጫ ሥር ይደበቃል? እኔ ሆንኩ እንጂ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮስ? ይሄ ነው አደራ? ይሄ ነው ጥበቃ?»

ይህን እያሉ ሻያቸውን እስከ መጨረሻው ጠጡ። አደራ የበላችው እሷ፣ ስኳሩን የበሉት እሳቸው።

ዘበኛችን ደግሞ ከጋሽ አደራ ጋር የዕድሜ እኩያ ናቸው፤ «አንተ» ነው የሚባባሉት። ጥረዛ ክፍሉ ያለው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ወረቀት የሚያወጣ አንድ ያረጀ ሊፍት አለን፤ በሩ ላይ «ለዕቃ ብቻ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ጋሽ አደራ ለዓመታት «ታዲያ እኔ ምኔ ሰው ነው?» እያሉ ሲሳፈሩበት ኖረዋል። ከሹመቱ በኋላ ዘበኛው በሩ ላይ ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። «ደረጃው ወዲያ ነው አንተ ሰውዬ» ይሏቸዋል፤ ጋሽ አደራም እያጉረመረሙ ደረጃውን ይይዛሉ። ሁላችንም ደስ አለን።

አንድ ቀን ሊፍቱ ሁለት ፎቅ መሐል ታንቆ ቆመ። የወረቀት ጋሪ ብቻ ነው የጫነው ተብሏል። ዘበኛው በበሩ ስንጥቅ አንገታቸውን አስግገው ወደ ላይ ጮኹ።

«ማነው እዚያ?»

ዘበኛው በሩን በጡጫ መቱት።

«ማነው ነው የምለው!»

«ወረቀት ነው» የሚል ድምፅ መለሰ።

የጥገና ሠራተኛው መጥቶ ሊፍቱን አውርዶ ሲከፍተው ጋሽ አደራ ጋሪው ላይ ተኝተው ሸራ ለብሰዋል። ጋሽ አደራ ዘበኛው እስኪናገሩ አልጠበቁም። «እኔ ሸራ ውስጥ ስገባ አንተ የት ነበርክ? ብታፈን ኖሮ ለሚስቴ ምን ልትላት ነበር?» አሏቸው። ምስኪኑ ዘበኛ ይቅርታ ጠየቁ።

የጋሽ አደራ ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ ነው የሚሠሩት። እሳቸው እንደ እኛ የዋህ አይደሉም፤ የጋብቻ ልምድ አላቸው። ጨዉን ከቤት ጠራርገው ለጎረቤት ሰጡ። ጋሽ አደራ የቀረበላቸውን አልጫ ነገር ሁሉ ሳይነጫነጩ እየበሉ «እጅሽ ይባረክ» ማለት ጀመሩ። እትዬ በመደሰት ፈንታ ደነገጡ፤ ሰውዬው ታሞብኝ ነው ብለው። አንድ ቀን ሱሪያቸውን ለማጠብ ኪሱን ሲገለብጡ በመጻሕፍት ጠራዥ እጅ ልክክ ተደርጋ የታጠፈች የወረቀት ጥቅልል ወደቀች። ሲፈቷት ጨው።

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል አሉ!» ብለው ጮኹባቸው።

«አንቺ ነሽ ሱሪዬን የምታጥቢው» አሉ ጋሽ አደራ በተራቸው አዝነው፤ «እስከ ዛሬ እንዴት አላየሽም? በየሳምንቱ ኪሴ ውስጥ ነበረ እኮ! ቀደም ብለሽ ብትይዢኝ ኖሮ ይሄኔ አልጫውን ለምጄው ነበር።»

የእኔ ደግሞ ይብሳል። በየጠዋቱ ጎሕ ሲቀድ በራቸው ላይ ቆሜ እጠራለሁ። መስኮቱ ይከፈትና እስከ አፍንጫቸው ብርድ ልብስ የተከናነቡ ጋሽ አደራ ብቅ ይላሉ። አንድ ቀን ደመና ነው። አንድ ቀን ደመና የለም፣ ፀሐይዋ ትበረታለች። አንድ ቀን ሕልማቸው አላለቀም። አንድ ቀን ጫማቸው ጉልበታቸውን ያመዋል አሉኝ፤ የማንኛቸው ጉልበት እንደሆነ አልገባኝም። እኔ ከእንቅልፌ ተነሥቼ መጥቻለሁ፣ ተመልሼ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ላድርግ፣ ብቻዬን እስከ ድልድዩ ሄጄ እመለሳለሁ። ስመለስ በር ላይ ፒጃማቸውን ለብሰው ይጠብቁኛል።

«እንዴት ነበር?»

«ደህና ነው። ዛሬ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት።»

«ጎሽ! ላብ ወጣን ማለት ነው» ይላሉ ግንባራቸውን እየጠረጉ።

ይህችን «ወጣን» መጀመሪያ በቀልድ ወስጃት ነበር። ኋላ ግን ሥራ ቦታ ላይ «እኔና አራሚው ዳገቱን በሩጫ ነው የምንወጣው» እያሉ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ሲያወሩ ደግሞ እውነት ድካም ይሰማቸውና ቁጭ ይላሉ።

ነገሩ የጦዘው በኬኩ ቀን ነው። አንድ ትልቅ ሥራ በሰዓቱ ስላስረከብን አለቃችን ኬክ አመጡልን። ጸሐፊዋ ጋሽ አደራን በግራ፣ ዘበኛው በቀኝ፣ እኔ ከኋላ ከበብናቸው። ፎቶ እንነሣ ተባለ። ፈገግ ብለን ወደ ካሜራው ዞርን። ፎቶው ዛሬም ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አለ፤ ሁላችንም ፊት ለፊት ስናይ ጋሽ አደራ ብቻ በጎን ናቸው፣ ጉንጫቸውም ያበጠ ነው።

ከሰዓት በኋላ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ያቋቋሙት ጋሽ አደራ፣ ሰብሳቢው ጋሽ አደራ፣ ተበዳዩም ጋሽ አደራ። በፍርዱ ጸሐፊዋ ኬኩ እጅ በሚደርስበት ቦታ በመቀመጡ፣ ዘበኛው ለፎቶ ፈገግ በማለታቸው፣ እኔ ደግሞ ከኋላቸው ቆሜ እጃቸው ሲሄድ ትንፍሽ ባለማለቴ ጥፋተኞች ሆንን። ኬኩ ላይ ክስ አልቀረበም።

እንዲህ እያልን ሳለ በዓመት አንዴ የሚመጡት የሠራተኛ ጤና መርማሪዎች መጡ። ጋሽ አደራ ሰዎቹ መርፌ አለመያዛቸውን በመስኮት ካረጋገጡ በኋላ ወረዱ። ሚዛንና የግፊት መለኪያ ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ተመዘነች፤ ጋሽ አደራ ፊት ጣፋጭ ሻይ መጠጣት እያሳፈራት ስኳር ተወች፣ ያ ሁልጊዜ የሚነሣባት ራስ ምታቷም ጠፋ። ዘበኛው ጋሽ አደራን ለማሳደድ ደረጃውን ስንቴ ሲወጡ ሲወርዱ ጉልበታቸው እንደ ጎረምሳ ሆነ። የእኔ ቀበቶ አዲስ ቀዳዳ ከተበጀላት ሰንብታለች። እትዬም እቤት ያለ ጨው አብረው እየበሉ ግፊታቸው መውረዱን ለሰፈሩ ሁሉ አውርተዋል።

ጋሽ አደራ ሚዛኑ ላይ ወጡ። መርማሪው ቁጥሩን አይቶ፣ ሚዛኑን ነቅነቅ አድርጎ፣ እንደገና አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እሳቸውን አያቸው።

ቀስ ብለው ወረዱና አንድ በአንድ አዩን። እንዲህ ያዘነ ፊት ያየሁት ገጽ የተዘለለበት መጽሐፍ ተጠርዞ ያለቀ ቀን ብቻ ነው።

«ጤናዬን ተካፈላችሁት» አሉን። «የእኔን ጤና! በእኔ በሽታ፣ በእኔ ቀጠሮ፣ በእኔ ፍርሃት!»

ሳቅን። በጣም ሳቅን፤ የእሳቸውም ሆድ ሳቀ። ግን ያን ቀን ደረጃውን ሲወጡ ከኋላቸው ነበርኩ። መሐል ላይ ቆመው መደገፊያውን ይዘው ረጅም ጊዜ ተነፈሱ፤ ቁልቁል እያዩኝ «ሂድ፣ እለፍ፣ መንገዱን ልልቀቅልህ» አሉኝ። ቀጠሮው ደርሷል፣ እኛ ደግሞ እየሳቅን ነበር።

በቀጠሮው ዋዜማ ጠሩኝ። «ነገ ከእኔ ጋር ትመጣለህ። ለምን እንዳላራመድከኝ ለሐኪሟ ራስህ ታስረዳለህ።» እሺ አልኩ። ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ታክሲ ተሳፍረን ሄድን። መንገዱን ሁሉ ስለ አየሩ ሁኔታ አወራሁ።

ሐኪሟ ልጃቸው ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ውጤቱን አየችና መነጽሯን አወለቀች።

«አባባ፣ አልወረደም። እንዲያውም ጨምሯል።»

ጋሽ አደራ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ክሱን ጀመሩ። ቁልፉ አበባ ሥር መደበቁን፣ የሊፍቱን በር፣ የሱሪውን ኪስ፣ የፎቶውን ፈገግታ አንድም ሳያስቀሩ ዘረዘሩ። መጨረሻ ላይ በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ዋናው እሱ ነው። ብርድ ልብሱን አልገፈፈኝም።»

ሐኪሟ በትዕግሥት ሰማች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ካለው ሳህን መርፌ አነሣች።

«ገባኝ» አለች። «እንግዲህ ጥፋቱ የእነሱ ከሆነ መርፌውም የሚገባው ለእነሱ ነው። ወንድሜ፣ እጅጌዎን ይሰብስቡ። በእርስዎ እንጀምርና ሌሎቹን በየተራ ይልኩልኛል።»

ፊቷ ላይ የቀልድ ምልክት የለም። እኔም ሞኙ እጅጌዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። ጥፋተኛ ነኝ ብዬ አይደለም፤ ሐኪሟንም ፈርቼ አይደለም። ጋሽ አደራ መርፌውን ሲያዩ ፊታቸው እንደ ግድግዳው ነጭ ሆኖ ነበርና፣ እሳቸው እንዲህ ከሚሆኑ ምናለ እኔን ብትወጋኝ ብዬ ነው። በእውነት በዚያች ደቂቃ የሚሠራ መስሎኝ ነበር።

መርፌው ወደ ክንዴ ቀረብ ሲል ጋሽ አደራ ብድግ ብለው መሐላችን ገቡ። ያን ያህል ፈጥነው ሲነሡ አይቼ አላውቅም።

«ተይው!» አሉ። «ተይው ልጄ፣ ይሄ ልጅ ምን በደለ? ብርድም ዝናብም ሳይል በየጠዋቱ እየመጣ ሲጠራኝ የተደበቅኩት እኔ። ጨዉንም እኔ፣ ስኳሩንም እኔ። ያችን ምስኪን ጸሐፊ ያስለቀስኩም እኔ። ኬኩንም የበላሁት እኔ ነኝ።» ትንሽ አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሁለተኛውንም ቁራሽ» ብለው ጨመሩ።

ስለ ሁለተኛው ቁራሽ ማናችንም አናውቅም ነበር።

ሐኪሟ መርፌውን ቦታው መለሰችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «አባባ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ከነገሩኝ ሁሉ ይሄ የመጀመሪያው እውነት ነው። ለእሱ ስል አንድ ቀጠሮ እጨምርልዎታለሁ። ከዚያ ወዲያ ቀልድ የለም፤ ስኳሩ ብቻ አይደለም የሚያስፈራኝ፣ ልብዎም ነው። ታዲያ ከእንግዲህ ኃላፊው ማነው?»

ጋሽ አደራ በልማድ ወደ እኔ ዞረው ነበር። መሐል መንገድ ላይ አንገታቸው ቆመ፤ ተመለሰም። «እኔው ነኛ» አሉ። ትልቅ ጥፋት የተናዘዘ ሕፃን ልጅ ይመስሉ ነበር።

ስንወጣ በእግራችን እንሂድ አሉ። ጎን ለጎን ሄድን። እኔ ጥረዛ ክፍሉን ያለ እሳቸው ላስበው ሞከርኩ፤ ሙጫው፣ ክሩ፣ ማሽኑ ሁሉ ቦታው አለ፣ የሚያፏጭ ግን የለም። አልቻልኩም። ለካ እኔ እኚህን አስቸጋሪ ሰው እንደ አባቴ እሳሳላቸዋለሁ፤ በየጠዋቱ በራቸው ላይ የቆምኩትም አደራ ብለውኝ ብቻ አልነበረም፤ መስኮቱ ተከፍቶ ፊታቸውን ካላየሁ ቀኑ አይነጋልኝም ነበርና ነው።

የመንገዱ ማዕዘን ላይ አንድ ኬክ ቤት አለ። ጋሽ አደራ መስኮቱ ፊት ቆሙ። እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ። ቆዩ። በጣም ቆዩ።

«ምንም አትልም እንዴ?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«ምን ልበል ጋሼ? ከጠባቂነት ሥራዬ ተሰናብቻለሁ።»

«አንድ ቃል እንኳ? ክንዴን እንኳ አትይዝም?»

እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። እመኑኝ፣ የሰው ክንድ ልይዝ ያን ያህል ፈልጌ አላውቅም። አጠገባችን በሩ ተከፈተና የትኩስ ዳቦና የቅቤ ሽታ ወጥቶ ያዘን። ጋሽ አደራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ እንደ ተናደደ ሰው ምላሳቸውን አጩኸው፣ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ራሳቸው ራሳቸውን እየገፉ አለፉ። ሮጬ ደረስኩባቸው። ግንባራቸው ላይ እውነተኛ ላብ ነበር።

የማሾፊያ ቃል ፈለግኩ፤ በሙያዬ ቃል አይጠፋኝም። ያገኘሁት ግን አንድ ምርቃት ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው» አልኳቸው።

ጋሽ አደራ እርምጃቸውን ሳይቀንሱ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«እሱን እንኳ» አሉ፣ «በከፊል ለእኔ ተወው።»